ተቃዋሚ ስለተሾመ ብቻ ጥምር መንግሥት ይባላል? ስለ ክልል ካቢኔ እንነጋገር

የጦሳ ልጅ (ደሴ)

ሰላም ጤና ይስጥልኝ። ምርጫ በተነሳ ቁጥር የሚነሳ አንድ ነገር አለ። «አሁንም እኮ ጥምር መንግሥት ነው ያለን፤ ተቃዋሚው ካቢኔ ውስጥ ገብቷል» ይባላል። ይህን ነገር በረጋ መንፈስ ብንነጋገርበት ብዬ ነው።

የእኔ አቋም ይሄ ነው። ተቃዋሚን መሾም ሌላ፣ ጥምር መንግሥት ሌላ። ሁለቱን ስንቀላቅል ሕዝቡ ያላገኘውን ነገር ያገኘ ይመስለዋል።

ቁጥሩን እንየው። ሰኔ 14 ቀን 2013 ስድስተኛው ምርጫ ተካሄደ። ምርጫ ቦርድ ሐምሌ 3 ውጤቱን ሲያሳውቅ ብልጽግና ለተወካዮች ምክር ቤት 410 ወንበር አገኘ። አብን 5፣ ኢዜማ 4፣ የጌዴኦ ሕዝብ ዴሞክራሲያዊ ድርጅት 2፣ የግል ተወዳዳሪዎች 4 ወንበር አገኙ። በዚህ ውጤት ብልጽግና መንግሥት ለመመሥረት የማንም እርዳታ አያስፈልገውም ነበር። መስከረም 26 ቀን 2014 ምክር ቤቱ 22 ሚኒስትሮችን ሲያጸድቅ ሦስቱ ከሌላ ፓርቲ ነበሩ። የኢዜማው ብርሃኑ ነጋ ትምህርት፣ የአብኑ በለጠ ሞላ ኢኖቬሽንና ቴክኖሎጂ፣ የኦነጉ ቀጄላ መርዳሳ ባህልና ስፖርት። ኦነግ እኮ በዚያ ምርጫ አልተወዳደረም። አንድ ወንበር እንኳ የሌለው ፓርቲ ሰው ሚኒስትር ሆነ ማለት ነው።

ይህን በጎ ፈቃድ በሉት፣ አልከራከርም። ጥምረት ግን አይደለም። ጥምረት የሚባለው አጋሩ ጥሎ ቢወጣ መንግሥቱ የሚናጋ ሲሆን ነው። ሦስቱ በማግስቱ ቢለቁ ኖሮ የሚናጋ ነገር አልነበረም።

በክልላችን በአማራም ያው ነው። በ2014 በተዋቀረው ካቢኔ የአብኑ ጣሂር ሙሐመድ የባህልና ቱሪዝም ቢሮ ኃላፊ ሆኑ። ላሊበላ ላለበት አገር ቱሪዝም ቀላል ቢሮ አይደለም። ግን በጀቱ ያለው ገንዘብ ቢሮ ነው። ፀጥታውም ያለው ሌላ ቦታ ነው።

ስለዚህ ጥያቄዬ እንዲህ ነው። አንድ ቀን በክልላችን ምክር ቤት ማንም ከግማሽ በላይ ባያገኝ ካቢኔው እንዴት ይዋቀር? የትኛው ቢሮ ለማን? በደንብ አስባችሁ መልሱልኝ።

---

ቦርከና (ኮምቦልቻ)

ወንድሜ የጦሳ ልጅ፣ ሐሳብህን አከብራለሁ፤ ግን አልስማማም።

ከየት ተነስተን እዚህ እንደደረስን አትርሳ። በ2002 ምርጫ ኢሕአዴግና አጋሮቹ ከ547 ወንበር 545ቱን ያዙ። በ2007 ደግሞ ሁሉንም። ያኔ ተቃዋሚ ሚኒስትር ይሁን ብትል ሰው ይታዘብህ ነበር። ከዚያ ተነስተህ ስታየው ሦስት ሚኒስትር ትንሽ ነገር አይደለም። አንድ ጠረጴዛ ዙሪያ መቀመጥ ራሱ ልምምድ ይፈልጋል። ዛሬ በሹመት የለመደ ሰው ነገ በድርድር ይቀመጣል።

ደግሞ እንደ እኔ ላለ ነጋዴ የሚያስጨንቀው ጥምር የመሆኑና ያለመሆኑ ነገር አይደለም። መንገዱ ሰላም ይሁን፣ ኃላፊው ሥራ የሚያውቅ ይሁን። የማንም ፓርቲ ይሁን።

---

መምህርት ነኝ (ወልድያ)

«ተቃዋሚ ሚኒስትር ለታይታ ነው» ሲባል እንደ አስተማሪ ዝም ማለት አልችልም።

የ12ኛ ክፍል ፈተና ወደ ዩኒቨርሲቲ ግቢ የገባው በማን ጊዜ ነው? በ2015 መጀመሪያ ላይ ነው፤ ሚኒስትሩም የሌላ ፓርቲ ሰው ነበሩ። ከዚያ በፊት መልስ በስልክ ሲዞር፣ የሠራና ያልሠራ ልጅ እኩል ሲሆን ዓይናችን እያየ ኖረናል። በዚያ ፈተና ግማሽና ከግማሽ በላይ ያመጣው 3.3 በመቶ ብቻ ሆነ። በቀጣዩ ዓመት 3.2 በመቶ። አገሩ ደነገጠ። የእኛ ልጆች ደግሞ በጦርነት ትምህርት ቤታቸው ተዘርፎ፣ ወንበርና መጽሐፍ ሳይኖራቸው ነው እዚያ ፈተና ላይ የተቀመጡት። ያ እስካሁን ያንገበግበኛል።

ውሳኔው ጥሩም ይሁን መጥፎ፣ ውሳኔ ነበር። አንድ የተቃዋሚ ሰው ትልቅ መሥሪያ ቤት ይዞ አገር ያነጋገረ ነገር ማድረግ እንደሚችል አይተናል።

ግን የጦሳ ልጅ ያነሳው ነገር እዚህ ላይ ይመጣል። ያንን ውሳኔ ኢዜማ ለመራጩ ቃል ገብቶ ያመጣው ነበር? ወይስ የመንግሥት ውሳኔ ሆኖ ሚኒስትሩ ያስፈጸሙት? ሚኒስትሩን ማመስገን ወይም መውቀስ የፈለገ መራጭ ድምፁን ለማን ይስጥ ወይም ይንፈግ? እኔ መልስ የለኝም።

---

የከሚሴው

አሰላሙ አለይኩም ጀማው።

ሁላችሁም ስለ ፓርቲ ታወራላችሁ። እኛ አካባቢ ካቢኔ ሲባል ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው ፓርቲውን አይደለም። «ከየት ነው?» ይላል። ሹመት በቴሌቪዥን ሲነበብ ሰፈር ውስጥ ቆጠራ ይጀመራል። ከጎጃም ስንት፣ ከጎንደር ስንት፣ ከሸዋ ስንት፣ ለወሎ ስንት ደረሰው። ከወሎም ውስጥ ደቡብ ወሎ ነው ሰሜን ወሎ ይባላል። ከዚያም እኛ ኦሮሞዎቹ፣ አርጎባዎቹ፣ ከወዲያ ዋግ ኽምራ አለ። የክልሉ ሕገ መንግሥት ለኦሮሞ፣ ለኽምራና ለአዊ የብሔረሰብ አስተዳደር የሰጠው ይህን አይቶ ነው።

ስለዚህ ጥምር ካቢኔ ቢመጣ ሁለት ሚዛን ነው የሚኖረው። የፓርቲ አንድ፣ የአካባቢ አንድ። ሁለቱን እንዴት ታስታርቃላችሁ?

---

ሰብለ ዘመርሳ

የከሚሴው ልክ ነህ። የእኛ ሰው ካቢኔ ገባ ተብሎ ሰፈሩ ይደሰታል፤ ከዓመት በኋላ ግን ድልድዩ እንደተሰበረ ነው።

---

የጦሳ ልጅ (ደሴ)

ወንድሜ የከሚሴው፣ ጥያቄህ ከባድ ነው። መልሴ ትንሽ ይረዝማል።

አንድ ክልል ውስጥ በእውነት ማንም አብላጫ ሳያገኝ ካቢኔ እንዴት እንደሚዋቀር ማየት የሚፈልግ ሰው ደቡብ አፍሪካን ይይ። ክዋዙሉ ናታል የሚባል ክፍለ ሀገር አላቸው። ምክር ቤቱ 80 ወንበር አለው። እ.ኤ.አ. ግንቦት 2024 በተደረገው ምርጫ የጃኮብ ዙማ አዲስ ፓርቲ ኤምኬ 37 ወንበር አግኝቶ አንደኛ ወጣ። ኢንካታ 15፣ ኤኤንሲ 14፣ ዲኤ 11፣ ኢኤፍኤፍ 2፣ ኤንኤፍፒ የሚባል ትንሽ ፓርቲ ደግሞ 1።

አሁን ደምሩ። ኢንካታ፣ ኤኤንሲ፣ ዲኤና ያ ባለ አንድ ወንበሩ ፓርቲ ተሰባስበው 41 ሆኑ። አንደኛ የወጣው ኤምኬ ውጭ ቀረ። ባለ 15 ወንበሩ የኢንካታ ሰው ታሚ ንቱሊ የክፍለ ሀገሩ መሪ ሆኑ።

ካቢኔውን እዩት። የአገሪቱ ሕገ መንግሥት አንድ ክፍለ ሀገር ከመሪው ሌላ ከ10 በላይ የካቢኔ አባል እንዳይኖረው ይከለክላል። አሥሩ እንዲህ ተከፈለ። ኢንካታ ከመሪነቱ በተጨማሪ አራት ወሰደ። ኤኤንሲ ሦስት፦ ትምህርት፣ ጤናና ትራንስፖርት። ዲኤ ሁለት ብቻ ወሰደ፤ ግን አንዱ ገንዘብ ነው፣ ሌላው የሕዝብ ሥራዎችና መሠረተ ልማት። ባለ አንድ ወንበሩ ኤንኤፍፒ ማኅበራዊ ልማትን አገኘ። ለምን አገኘ? ያ አንድ ወንበር ከሌለ 40 ለ40 ነው፤ መንግሥት የለም።

እኔ ጥምር ካቢኔ የምለው ይህን ነው። አንደኛ የወጣ ፓርቲ ስለፈቀደላቸው ወይም ስለራራላቸው አይደለም የገቡት። ወንበራቸው ስለተፈለገ ነው። የመሪው ፓርቲ የገንዘቡን ቁልፍ ለሌላ ሰጠ። እኛ ዘንድ ገንዘብ ቢሮን ለሌላ ፓርቲ መስጠት ማንም አስቦት ያውቃል?

የአካባቢውን ሚዛን በተመለከተ፣ እኔ ፓርቲዎቹ ራሳቸው በየዝርዝራቸው ይፍቱት ባይ ነኝ። ሁለት ቢሮ የደረሰው ፓርቲ አንዱን ከኦሮሞ ብሔረሰብ አስተዳደር ያቅርብ፣ ሌላውን ከፈለገበት። ካቢኔው ሁሉ በአካባቢ ኮታ ከተሞላ ግን ኃላፊው ተጠሪነቱ ለምክር ቤት ሳይሆን ለሰፈሩ ሰው ይሆናል። ሰብለ ያለችው ድልድይ የሚቀረው በዚህ ነው።

---

ቦርከና (ኮምቦልቻ)

ደቡብ አፍሪካ ጥሩ። ግን እነሱ ድምፁን በመቶኛ ነው የሚያከፋፍሉት። እኛ በየምርጫ ክልሉ አንደኛ የወጣ ያሸንፋል፣ የሌላው ድምፅ እዚያው ይቀራል። በእኛ የምርጫ ሕግ ማን ነው 41 ለ39 የሚሆነው? ለማይመጣ ነገር ነው የምንጨቃጨቀው።

---

የሕግ ተማሪ (ደሴ)

ሰላም ለሁላችሁ። ቦርከና ያልከው ስለ ምርጫ ሥርዓቱ እውነት ነው፤ ትናንሽ ፓርቲዎችን ይጎዳል። ግን «አይመጣም» ማለት ይከብዳል። በ1997 ቅንጅት 109፣ ኅብረት 52 ወንበር አግኝተው ነበር። በአንደኛ-የወጣ-ያሸንፋል ሥርዓት ነው ያን ያህል ያገኙት። ትንሽ ቢገፋ ኢሕአዴግ ከግማሽ በታች የሚወርድበት ጊዜ ሊመጣ ይችል ነበር።

ሕገ መንግሥቱም ይህን አስቦበታል። አንቀጽ 56 አብላጫ መቀመጫ ያገኘ ፓርቲ «ወይም ፓርቲዎች» መንግሥት ይመሠርታሉ የሚል ሐሳብ አለው። አንቀጽ 60 ደግሞ ከዚያም ያልፋል። በጣምራ ሥልጣን የያዙ ፓርቲዎች ጣምርነታቸው ፈርሶ አብላጫውን ካጡ፣ ፕሬዚዳንቱ በአንድ ሳምንት ውስጥ ሌላ ጣምራ መንግሥት እንዲመሠረት ፓርቲዎቹን ይጋብዛል። ካልተስማሙ ምክር ቤቱ ይበተናል፣ በስድስት ወር ውስጥ አዲስ ምርጫ ይደረጋል። ከ1987 ጀምሮ ተጽፎ ተቀምጧል። አንድም ቀን ሥራ ላይ ውሎ አያውቅም።

አሁን ደግሞ የጋራ ኃላፊነትን ላንሳ። አንቀጽ 72 የሚኒስትሮች ምክር ቤት አባላት በአካል ለሚወስኑት ሁሉ የጋራ ኃላፊነት አለባቸው ይላል። ይህ ማለት ካቢኔ ውስጥ ተቀምጠህ «እኔ የለሁበትም» ማለት አትችልም። ከዚያ የ2014ቱን አስቡ። ሚኒስትሮቹ የጸደቁት መስከረም 26 ነው። ጥቅምት 23 የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ወጣ። አዋጁን የሚደነግገው የሚኒስትሮች ምክር ቤት ነው። ሦስቱም የተቃዋሚ ሚኒስትሮች የዚያ ምክር ቤት አባላት ነበሩ። እኛ በዚያ ሰሞን ከደሴ ወጥተን መንገድ ላይ ነበርን።

በሐምሌ 2015 መጨረሻ በክልላችን ጉዳይ ሌላ አዋጅ ወጣ። በለጠ ሞላ ያኔም ሚኒስትር ነበሩ። በአብን ስም ተመርጠው ፓርላማ የገቡት ክርስቲያን ታደለ ደግሞ በዚያው ሰሞን ታሰሩ። የአንድ ፓርቲ ሰዎች፤ አንዱ አዋጁን ባወጣው ምክር ቤት ውስጥ፣ ሌላው እስር ቤት። በጽሑፍ የሰፈረ የጥምረት ስምምነት ቢኖር ኖሮ ፓርቲው ቢያንስ «በዚህ በዚህ ነገር ሳንስማማ አዋጅ አይወጣም» የሚል መስመር ይኖረው ነበር። ወይም ጥሎ ለመውጣት በቂ ምክንያት ይኖረው ነበር።

---

መምህርት ነኝ (ወልድያ)

የሕግ ተማሪው ልጄ፣ እድሜ ይስጥህ። አንቀጹን እንዲህ ዘርዝሮ ያስረዳኝ ሰው አልነበረም።

---

የድሮ ሰው (ሐይቅ)

ልጆቼ፣ ስታወሩ ደስ ብሎኝ ሳነብ ቆየሁ። አንድ ነገር የረሳችሁ ስለመሰለኝ ነው የገባሁት።

ጥምር መንግሥት በዚህ አገር አልተሞከረም አትበሉ። ተሞክሯል። ሰኔ 1983 አዲስ አበባ ላይ ኮንፈረንስ ተደርጎ የሽግግር መንግሥት ተቋቋመ። 87 መቀመጫ ያለው የተወካዮች ምክር ቤት ነበር። ኢሕአዴግ 32 ያዘ፣ ኦነግ 12። ቀሪው ለብዙ ድርጅት ተበተነ። በወንበር ቁጥር ካያችሁት ኢሕአዴግ ግማሽ እንኳ አልነበረውም! በወረቀት ከዚያ የበለጠ ጥምር የት ይገኛል?

በሰኔ 1984 ኦነግ ጥሎ ወጣ። መንግሥቱ ወደቀ? አልወደቀም። ለምን ብላችሁ ጠይቁ። ጠመንጃው የአንድ ወገን ነበር። ሠራዊቱ የኢሕአዴግ ነበር። የጦሳ ልጅ «አጋሩ ሲወጣ የሚናጋ» ያልከው ነገር ወንበር ብቻ በመቁጠር አይገኝም ልጄ። ኃይሉ የት ነው ያለው የሚለውም አለ።

ኢሕአዴግ ራሱም ግንባር ነበር። ሕወሓት፣ ብአዴን፣ ኦሕዴድ፣ ደኢሕዴን፤ አራት ድርጅት አንድ ግንባር። በስም ጥምረት ነው። ከምርጫ በፊት የተጣመረ ስለሆነ ግን መራጩ አንዱን ትቶ ሌላውን መምረጥ አይችልም። በ2012 ሦስቱ ከአጋሮቻቸው ጋር ተዋህደው ብልጽግና ሆኑ፣ ሕወሓት ቀረ። የቀረው ምን እንዳስከተለ እኛ ወሎዎች ለማንም አናስረዳም።

እኔ የምለው አንድ ነው። በእኛ ሰፈር ቅሬ የገንዘብ ሳጥኑ ሁለት ቁልፍ አለው። አንዱ ገንዘብ ያዡ ዘንድ፣ አንዱ ዳኛው ዘንድ። እስላሙም ክርስቲያኑም አብሮ የሚቀብርበት ቅሬ ነው፤ ማንም ማንንም ስለማያምን አይደለም ሁለት የሆነው። አንዱ ብቻውን እንዳይከፍት ነው። ካቢኔም እንዲህ ይዋቀር።

---

የከሚሴው

ጋሼ፣ አላህ ያቆይልን። ጥያቄዬን መለሱልኝ።

---

የላስታ ልጅ

እኔ ከክልል ወረድ ልበል። ሰው ካቢኔን የሚያውቀው በወረዳ ነው።

እናቴን የመሬት ይዞታ ደብተር ጉዳይ ላስፈጽምላት አንድ ወረዳ ጽሕፈት ቤት ሄድኩ። ጸሐፊዋ «ኃላፊው ካቢኔ ላይ ናቸው» አለችን። ግቢው ውስጥ ባለው አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጥን። የግብርናው ኃላፊ፣ የጤናው፣ የትምህርቱ፣ የገንዘቡ፣ ሁሉም እዚያ ቤት ውስጥ ናቸው። በሩ ተዘግቷል። ማዳበሪያ ልትጠይቅ የመጣች ሴትዮ አለች፣ ደመወዝ የዘገየበት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ አለ። ከእኛ አጠገብ ነጠላቸውን አጣፍተው የተቀመጡ ሽማግሌ ነበሩ። ለረጅም ጊዜ በሩን ሲያዩ ቆዩና «ልጄ፣ እዚያ ውስጥ ያሉት ሁሉም አንድ ሐሳብ ከሆኑ እስካሁን ምን ያከራክራቸዋል?» አሉኝ። የምመልሰው አጣሁ። በሩ ሲከፈት መሽቶ ነበር፣ «ነገ ኑ» ተባልን።

አሁን ወደ ነጥቤ ልምጣ። ባሕር ዳር ላይ የቢሮ ኃላፊው ከሌላ ፓርቲ ሆነ እንበል። ከእሱ በታች የዞን መምሪያ ኃላፊው፣ የወረዳው፣ የቀበሌው ሁሉ የአንድ ፓርቲ አባላት ናቸው። ግምገማቸው በፓርቲ ነው፣ ዕድገታቸው በፓርቲ ነው። ያ የቢሮ ኃላፊ ደብዳቤ ቢጽፍ ማን ያስፈጽምለታል? መዋቅሩ የሌላ ሆኖ ወንበሩ የእሱ ቢሆን ምን ዋጋ አለው? እኔ ለጥምር ካቢኔ ቅድመ ሁኔታ አስቀምጥ ብባል የመጀመሪያው ይሄ ነው። የወረዳ ጽሕፈት ቤት ኃላፊነት በፓርቲ አባልነት ሳይሆን በሙያ ውድድር ይሁን። ፖለቲከኛው ላይ ላይ ይጣመር፣ ታች ያለው ሠራተኛ የመንግሥት ይሁን።

---

ሰብለ ዘመርሳ

የላስታ ልጅ ጽሑፍህን ለወንድሜ አነበብኩለት። ወረዳ ነው የሚሠራው። ዝም ብሎ ራሱን ነቀነቀ።

---

የሐይቅ ልጅ (ፍራንክፈርት)

ሰላም ለአገሬ ልጆች። ከሩቅ ሆኜ አንድ ነገር ልጨምር።

እዚህ ጀርመን የፌዴራሉም የክልሎቹም መንግሥት አብዛኛውን ጊዜ ጥምር ነው። ካቢኔው ከመሰየሙ በፊት ስምምነቱ ይጻፋል። እ.ኤ.አ. በ2021 ሦስት ፓርቲዎች የጻፉት ከ170 ገጽ በላይ ነበር። ማን ምን ሚኒስቴር እንደሚይዝ፣ ስለ በጀት፣ ስለ ኃይል፣ ስለ ስደተኛ ምን እንደሚደረግ ሁሉ ተጽፏል። ለሕዝብ ይፋ ነው፣ ማንም አውርዶ ያነባል። ከመራሄ መንግሥቱ ኦላፍ ሾልዝ ሌላ 16 ሚኒስትሮች ነበሩ። ሶሻል ዴሞክራቶቹ 7፣ አረንጓዴዎቹ 5፣ ነጻ ዴሞክራቶቹ 4።

በኅዳር 2024 በበጀት ተጣሉ። ሾልዝ የገንዘብ ሚኒስትሩን ክርስቲያን ሊንድነርን አባረረ። ፓርቲው ሚኒስትሮቹን ይዞ ወጣ፣ ጥምረቱ ፈረሰ፣ በየካቲት 2025 ምርጫ ሆነ። አንድ ሰው ግን አልወጣም። የትራንስፖርት ሚኒስትሩ ፎልከር ቪሲንግ ፓርቲውን ለቀቀና ሥራው ላይ ቆየ።

ይህን ያመጣሁት የሕግ ተማሪው ያነሳውን ስላስታወሰኝ ነው። ቪሲንግ ሚኒስትር ሆኖ ለመቆየት ፓርቲውን መልቀቅ ነበረበት። ምርጫው ግልጽ ነበር፣ ሕዝብ አየው። እኛ ዘንድ ሚኒስትሩ የፓርቲው ተወካይ ሆኖ ነው የገባው ወይስ በግሉ? ፓርቲው «ውጣ» ቢለው ይወጣል? ይህ ጥያቄ ሳይመለስ ካቢኔ ውስጥ ስንት ተቃዋሚ አለ ብሎ መቁጠር ምንም አይነግረንም።

---

ቦርከና (ኮምቦልቻ)

የተባለውን ሁሉ በጥሞና አነበብኩ። የላስታ ልጅ ያለው ስለ መዋቅር ገብቶኛል። አሁንም የምፈራው ነገር ግን አለ።

ጥምረት ሲባል ወንበር ማብዛት ይከተላል። ኬንያን አስቡ። እ.ኤ.አ. በ2007ቱ ምርጫ ማግስት ከ1,000 በላይ ሰው አለቀ። በየካቲት 2008 ፕሬዚዳንቱ ኪባኪና ተቃዋሚው ራይላ ኦዲንጋ ተፈራረሙ፣ ደሙ ቆመ፣ አልሐምዱሊላህ። ግን ሁለቱንም ወገን ለማስደሰት የሚኒስትሩ ቁጥር 40 ገደማ ደረሰ። እያንዳንዱ መኪና፣ ሾፌር፣ ጠባቂ፣ ቤት ይፈልጋል። ከፋዩ እኔና እናንተ ነን። እዚህ ግብር በዝቶብን ሱቅ የምንዘጋ ሰዎች ነን።

---

የሕግ ተማሪ (ደሴ)

ለዚህ መፍትሔ አለው ወንድሜ። ሕንዶች እ.ኤ.አ. በ2003 ሕገ መንግሥታቸውን አሻሽለው የአንድ ክልል የሚኒስትሮች ቁጥር ከምክር ቤቱ አባላት 15 በመቶ እንዳይበልጥ ወሰኑ። ማሃራሽትራ የሚባለው ክልል ምክር ቤት 288 ወንበር አለው፤ ስለዚህ ከ43 በላይ ሚኒስትር አይሾምም። በ2024 ሦስት ፓርቲ ተጣምሮ እዚያ ሲያሸንፍ በዚህ ጣሪያ ሥር ነው የተከፋፈሉት። ትልቁ ፓርቲ የመሪነቱንና የአገር ውስጥ ፀጥታውን ወሰደ፣ የሁለቱ አጋሮች መሪዎች ምክትል ሆኑ፣ አንዱ ምክትል ገንዘብን ያዘ። ውጤቱ ከታወቀ ሚኒስትሮቹ ቃለ መሐላ እስኪፈጽሙ ሦስት ሳምንት ያህል ፈጀ። ድርድር ጊዜ ይወስዳል።

የደቡብ አፍሪካው የ10 ሰው ገደብም ያው ነው። ጣሪያው አስቀድሞ በሕግ ከተቀመጠ ለማስደሰት ተብሎ ቢሮ አይፈለፈልም።

---

ቦርከና (ኮምቦልቻ)

እሺ፣ ጣሪያ ካለው እቀበላለሁ። አንድ ግን አልቀበልም። ፀጥታን ለሁለት መክፈል። ገንዘብ ቢሮ ለአጋር ይሰጥ፣ ትምህርትም ይሰጥ። የፀጥታው ቢሮና ርእሰ መስተዳድሩ ግን ከአንድ ፓርቲ ይሁኑ። በዚህ ክልል ሁኔታ ሁለት ሰው የሚያዝዘው ኃይል ሲኖር ምን እንደሚመጣ እፈራለሁ።

---

የድሮ ሰው (ሐይቅ)

ልጄ ቦርከና፣ እኔ ደግሞ የምፈራው ተቃራኒውን ነው። የ1984ቱን ነግሬሃለሁ። ጠመንጃው የአንድ ወገን ከሆነ የሌላው መውጣት ዋጋ የለውም።

---

የጦሳ ልጅ (ደሴ)

ጋሼም ቦርከናም እውነት አላችሁ። ስለዚህ ይህን ላቅርብ። የፀጥታ ቢሮው የመሪው ፓርቲ ይሁን። ነገር ግን የፀጥታ ጉዳይ የሚያየው የምክር ቤቱ ቋሚ ኮሚቴ ሰብሳቢ ከአጋሩ ይሁን፣ ኃላፊውን ጠርቶ የመጠየቅ ሥልጣንም በስምምነቱ ላይ በግልጽ ይጻፍ። ትእዛዙ አንድ ይሆናል፣ ጠያቂው ሌላ ይሆናል።

ሌላው ሐሳቤ ደግሞ ለአሁኑ የሚሆን ነው። ለክልል ምክር ቤት የሚወዳደሩ እጩዎች በየአዳራሹ ሲመጡ፣ ደሴም ወልድያም ከሚሴም፣ ሦስት ነገር እንጠይቃቸው። ከግማሽ በታች ካገኛችሁ ከማን ጋር ትጣመራላችሁ? ገንዘብ ቢሮን ለአጋር ትሰጣላችሁ? ስምምነቱን ለሕዝብ ታወጣላችሁ? የሰውየውን ስም ሳይሆን መልሱን እዚህ እንጻፍ።

---

መምህርት ነኝ (ወልድያ)

አራተኛ ጨምሩበት። «ፓርቲህ ከጥምረቱ ቢወጣ አንተ ትወጣለህ?» የወልድያውን እኔ እጠይቃለሁ።

---

ቦርከና (ኮምቦልቻ)

የቋሚ ኮሚቴው ሐሳብ ያስኬዳል። የኮምቦልቻውን ለእኔ ተዉት። የወረዳ ኃላፊዎች በውድድር ይሁኑ የሚለውንም አነሳለሁ፤ የላስታ ልጅ እናት ደብተር አለቀላት ወይ ግን?

---

የላስታ ልጅ

ገና ነው ወንድሜ። ማክሰኞ ተመልሰን እንሄዳለን።